እርሳስ ረቂቅ አይደለም፦ ለመጻሕፍት ዝግጅትና ኅትመት ክፍል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለመጻሕፍት ዝግጅትና ኅትመት ክፍል
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ በእርሳስ የተሠሩ የልጆች መጻሕፍት ሥዕሎችን «ረቂቅ» ብሎ የመደበውን መመሪያ ይመለከታል

የተከበራችሁ የክፍሉ ኃላፊዎች፣ አርታዒያንና የግራፊክስ ባለሙያዎች፣

ለተጨማሪ የንባብ መጻሕፍት አዘጋጆች በቅርቡ ያወጣችሁት የአሠራር መመሪያ ደርሶናል። በመመሪያው መሠረት በእርሳስ የተሠራ ሥዕል «ረቂቅ» ተብሎ ለተጠናቀቀ ሥዕል ከተመደበው ክፍያ ግማሹ ይታሰብለታል፤ ከዚያ ግራፊክስ ክፍል በኮምፒውተር «ያጠናቅቀዋል»፤ ዋናው ወረቀት ደግሞ ለመዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ይቀራል። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ታሪኩን ራሳችን ጽፈን ሥዕሉንም ራሳችን በእርሳስ የምንሠራ የልጆች መጻሕፍት አዘጋጆች ነን። የመሥሪያ ቤቱን ስም ያልጠቀስነው ረስተን አይደለም። ይኸው አሠራር በሌሎችም ቤቶች አለ፤ ያለበት ያውቀዋል።

«ረቂቅ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። ያላለቀ ጽሑፍ ረቂቅ ይባላል፤ ጥልቅና ስስ የሆነ ነገርም ረቂቅ ይባላል። በሁለተኛው ጠርታችሁን ቢሆን ኖሮ አቤቱታ ባላቀረብን።

መመሪያውን ያረቀቀው ሰው የእርሳስ ሥዕል እንዴት እንደሚሠራ አጠገቡ ሆኖ ያየ አይመስለንም። ስለዚህ ከአሠራሩ እንጀምር። ባለ 32 ገጽ መጽሐፍ ሁለት ባለ 16 ገጽ ጥራዝ ነው። የርዕስና የባለመብት ገጾች ሲቀነሱ ለታሪኩ የሚተርፈው 14 ጥንድ ገጽ ያህል ነው። ጽሑፉ መጀመሪያ ለእነዚህ ጥንድ ገጾች ይሸነሸናል። ለእያንዳንዱም የክብሪት ሣጥን የምታህል ንድፍ ትሠራለታለች፤ ሁሉም ንድፎች በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ልጁ ገጹን ሲገልጥ ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚደበቅበት የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ የገጸ ባሕርያቱ መለያ ወረቀት ይዘጋጃል፤ ፊት ለፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ስትቀመጥ፣ ስትሮጥ። ገጽ 4 ላይ ሹሩባዋ ሰባት መስመር የሆነች ልጅ ገጽ 28 ላይ አምስት ከሆነባት አዋቂ ላያየው ይችላል፤ ልጅ ግን ቆጥሮ ይጠይቃል።

ከዚያ በኋላ ነው ሙሉ መጠን ያለው ንድፍ በስስ ወረቀት ላይ የሚሠራው። እሱ ሲጸድቅ ከሥሩ መብራት ባለው መስታወት ላይ ተደርጎ 200 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ወደሆነ፣ ከአሲድ ነጻ ወደሆነ ወረቀት በ2ኤች በቀስታ ይገለበጣል (ኤች ጠንካራና ፈዛዛ፣ ቢ ለስላሳና ጥቁር እርሳስ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ባሕርዩ ይበረታል)። ኤች እና ኤችቢ መሠረቱን ያለብሳሉ፤ 2ቢ እና 4ቢ ጥላውን ያወርዳሉ፤ 6ቢ የሚገባው ለዐይን ብሌን፣ ለጀበና አፍ ውስጥ፣ ለበር ጨለማ ብቻ ነው። ጥቁረት በአንድ ጊዜ በመጫን አይመጣም። ተጭኖ የተሣለ እርሳስ የወረቀቱን ሻካራነት ደፍጥጦ ያበራል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ድርብ አይቀበልም። ስለዚህ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ በስሱ እየተደራረበ ነው የሚገነባው። ነጩ ቀለም አይደለም፤ ያልተነካ ወረቀት ነው። የእናት ነጠላ ነጭ ሆኖ የሚታየው ሠዓሊው ለሰዓታት ዙሪያውን ሲሠራ እሱን ሳይነካ በመቆየቱ ነው። ከእጅ ሥር ንጹሕ ወረቀት ይነጠፋል፤ ቀኝ እጅ የሚጠቀም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። በጣት አሽቶ ማለስለስ የጀማሪ ስሕተት ነው፤ የጣት ወዝ ወረቀቱ ውስጥ ይገባና ላጲስ የማያነሣው ነጠብጣብ ይተዋል። አንድ ሙሉ ጥንድ ገጽ በዚህ መንገድ ከ12 እስከ 20 የሥራ ሰዓት ይወስዳል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚቀር «ማጠናቀቅ» የለም። የሚቀረው በጥንቃቄ ስካን ማድረግና በጥንቃቄ ማተም ነው።

(ነገሩን ካነሣን አይቀር፦ አንድ አስተያየት ሰጪ «እርሳስ መርዝ ስለሆነ ለልጆች መጽሐፍ አይመከርም» ብሎ በአንድ ሥራ ጠርዝ ላይ ጽፎ አይተናል። በቋንቋችን እርሳስ የብረቱም የመጻፊያውም ስም ስለሆነ አልፈረድንበትም። በመጻፊያው ውስጥ ያለው ግን ግራፋይትና ሸክላ ነው። ፈረንሳዊው ኮንቴ በ1795 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሁለቱን ቀላቅሎ መተኮስ ካስመዘገበ ወዲህ የእርሳስ ደረጃ የሚለየው በቅልቅሉ መጠን ነው። ሸክላው ሲበዛ ኤች፣ ግራፋይቱ ሲበዛ ቢ። ደግሞም ልጁ እጅ የሚደርሰው የማተሚያ ቀለም እንጂ የእኛ እርሳስ አይደለም።)

አሁን ወደ ቅሬታችን። መነሻው ስካን ነው። ሥዕሎቹ ስካን የሚደረጉት ደብዳቤ በሚባዛበት ማሽን ላይ ነው። ማሽኑ ለደብዳቤ ተብሎ የተስተካከለ ነው፤ ጥቁሩን ያጠቁራል፣ ግራጫውን «ቆሻሻ» ብሎ ያጠፋል። ባለፈው ዙር ከታተሙት ሥራዎች በአንዱ ውስጥ ሴት አያትና ልጅ ምድጃ ዳር የተቀመጡበት ገጽ ነበር። ጭሱ በ2ኤች የተሠራ፣ ከጣሪያው ሣር ጋር የሚቀላቀል ነበር። ታትሞ ሲወጣ ጭሱ የለም። ጽሑፉ ግን «ጭሱ ዐይኗን አቃጠላት» ይላል። ልጅቱ በባዶ አየር ታለቅሳለች። ምክንያቱ አንድ ቁልፍ ነው፤ ማሽኑ «ጥቁርና ነጭ» ላይ ነበር። በዚያ ምርጫ እያንዳንዱ ነጥብ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ነው፤ መካከል የሚባል የለም። የእርሳስ ሥዕል ደግሞ ከሞላ ጎደል መካከል ነው።

መሆን የነበረበት ይህ ነው፦ ግሬይስኬል (ግራጫውን በየደረጃው የሚይዝ ምርጫ)፣ 600 ዲፒአይ (በኢንች 600 ነጥብ)፣ 16 ቢት ከተቻለ፣ ማንኛውም «አውቶማቲክ ማስተካከያ» እና «ጀርባ ማጥፊያ» ተዘግቶ፣ በቲፍ ፋይል። አንድ ኤ4 ገጽ በዚህ መንገድ 4961 በ7016 ፒክሰል ይሆናል፤ በ16 ቢት 70 ሜጋባይት ገደማ ነው። ፋይሉ ከበደን ተብሎ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ረዥሙ ጎን በተለመደው መላኪያ ወደ 1280 ፒክሰል ይወርዳል። 1280 ፒክሰል በኤ4 ቁመት ላይ ሲዘረጋ በኢንች 109 ነጥብ ነው። በኢንች 133 የነጥብ መስመር ለሚታተም ሥራ የሚያስፈልገው እጥፉ፣ 266 ነው። ከግማሽ በታች ማለት ነው። ሠዓሊው «ሥዕሉ ደብዛዛ ነው» ተብሎ የተጠየቀባቸው ሁለት ሥራዎች ተመርምረው ሁለቱም በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላኩ ሆነው ተገኝተዋል። እንደ «ፋይል» ቢላኩ ይበቃ ነበር። ፍላሽም አለ።

ኤ3 የሆነው ሥራ በኤ4 ስካነር ለሁለት ተከፍሎ ሲነሣና ሲሰፋ መገጣጠሚያው መሐል ላይ እንደ ጠባሳ ይታያል። 6ቢ የበዛበት ቦታ ደግሞ በስካነሩ መብራት ያበራና ጥቁሩ ግራጫ መስሎ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ሥራ ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ብርሃን አድርጎ በጥሩ ካሜራ ማንሣት ይሻላል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ በክፍላችሁ አለ፤ የተመደበው ግን ለማኅበራዊ ገጽ ፖስተር ነው።

ከሁሉም የሚያሳዝነን የፊት ነገር ነው። የአገራችን ልጅ ፊት በእርሳስ ሲሠራ አብዛኛው ክፍሉ ነጩ 0፣ ጥቁሩ 100 ቢባል ከ40 እስከ 60 በመቶ ባለው ግራጫ ውስጥ ይወድቃል። ያልተለበጠ ወረቀት ቀለም ይመጥጣል፤ የኅትመቱ ነጥብ ይሰፋል። ፋይሉ ላይ 50 በመቶ የሆነው ወረቀት ላይ ወደ 70 የሚጠጋ ሆኖ ይታያል። አፍንጫውን ከጉንጩ የለየው፣ የታችኛውን ከንፈር ያወጣው ጥላ ሁሉ ይሰጥምና ፊቱ ጥቁር ክብ ሆኖ ይቀራል፤ ሁለት ነጭ ዐይን ብቻ። ከታተሙት መጻሕፍት በአንዱ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ እንዲህ ሆኖ ወጥቷል። አስተያየት ሲመጣ የተሰጠው መፍትሔ ደግሞ ከሕመሙ ብሷል። በሁለተኛው ኅትመት የልጆቹ ፊት ብቻ ተመርጦ ባንድ ቁልፍ «እንዲበራ» ተደረገ። እጃቸው ጠይም፣ ፊታቸው ነጭ ሆነ። አንገት ላይ የሚታይ መስመር አለ። የመጀመሪያ ክፍል ልጅ ይህን መጽሐፍ ሲያይ ራሱን አያገኝም።

ይህ ችግር ከእርሳስ የመጣ አይደለም። ማተሚያ ቤቱ በየትኛው ወረቀት፣ በስንት መስመር እንደሚያትም ሳይጠየቅ ፋይሉ ስለሚላክ የመጣ ነው። ወረቀቱ ቀድሞ ከታወቀ መላው ሥዕል በአንድ ኩርባ (በኮምፒውተር የግራጫ ማስተካከያ) አንድ ላይ ይፈካል። መካከለኛው 50 ወደ 38 ወይም 40 ይወርዳል፣ የጨለመው ጫፍ 90 አካባቢ ይቆማል፣ የፈካው ጫፍ ከ5 በታች እንዳይሆን ይደረጋል፤ ከ3 በመቶ በታች የሆነ ነጥብ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ላይ አይያዝምና። ከዚያ በዚያው ወረቀት ላይ አንድ የሙከራ ገጽ ይታተማል። በቢሮ ሌዘር ፕሪንተር የወጣ ገጽ የሙከራ ኅትመት አይደለም። አንድ ገጽ በአንድ ፕሌት ለመሞከር የሚወጣው ወጪ ሺዎች ቅጂዎችን ከመጣል ይቀላል።

በዚሁ ላይ በአራት ቀለም የማተም ጉዳይ አለ። የእርሳስ ሥዕል በቀለም ስካን ይደረግና ሳይቀየር ለአራት ፕሌት ይላካል። አራቱ ፕሌቶች በፀጉር ስፋት ቢዛነፉ የእርሳሱ ጭረት አንድ ጎኑ ሮዝ፣ ሌላው ጎኑ ሰማያዊ ጥላ ያወጣል። ከዚህም ሌላ የመጀመሪያው ጥራዝ ወደ አረንጓዴ፣ ሁለተኛው ወደ ቀይ ያዘነብላል። በጥቁር ፕሌት ብቻ ቢታተም ጥርት ይል ነበር፤ ወጪውም ይቀንስ ነበር። ሞቅ ያለ ግራጫ ከተፈለገ ጥቁሩ ላይ አንድ ቡናማ ቀለም መጨመር ይበቃል። አራት ቀለም ከፍሎ የተበላሸ ግራጫ መግዛት ምን ይሉታል?

ስለ መገልበጥ። ዲዛይነሩ ለጽሑፍ ቦታ ሲያጣ ሥዕሉን እንደ መስታወት ያዞረዋል። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ጠቅታ ነው፤ ሥዕሉ ላይ ግን ብዙ ነገር ነው። በአንድ መጽሐፍ ቤተሰቡ ማዕድ ላይ የተቀመጠበት ገጽ ተገልብጦ አባትየው በግራ እጁ እያጎረሰ ታትሟል። ቀኝና ግራውን የማያውቅ ተብሎ የተሰደበው ግን ሥዕሉን የሠራው ሰው ነው። በሌላ ገጽ መምህሯ ከኋላዋ ያለው ሰሌዳ ላይ የጻፈችው «ለ ሉ ሊ» ተገልብጦ ወጥቷል። ፊደል ለማስተማር በተዘጋጀ መጽሐፍ! ቦታ የሚፈልግ ዲዛይነር በክብሪት ሣጥኗ ንድፍ ጊዜ ይንገረን፤ ያን ጊዜ ማዞር አሥር ደቂቃ ነው።

የትርጉም እትሞች ላይም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማል። አንድ መጽሐፍ በአማርኛ ተዘጋጅቶ ወደ አፋን ኦሮሞ ወይም ወደ ሶማልኛ ሲመለስ ጽሑፉ ይረዝማል። በአማርኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይዛ የምትሄደውን በላቲን ሁለት ሦስት ፊደል ይይዘዋል፤ ድርብ አናባቢና ድርብ ተነባቢ ሲጨመር መስመሩ ይለጠጣል። ለአማርኛው የተተወው ሰማይ ስለማይበቃ ጽሑፉ ወደ ታች ወርዶ ተራራው ላይ፣ አንዳንዴም ገጸ ባሕርይዋ ራስ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ እንዲነበብ ተብሎ ከሥሩ ነጭ ሣጥን ይደረግለታል። መጽሐፉ በስንት ቋንቋ እንደሚወጣ ከመነሻው ቢነገረን በየገጹ ለረዥሙ ቋንቋ የሚሆን ጸጥ ያለ ቦታ እንተዋለን። ይህ የሚጠይቀው አንድ መስመር ደብዳቤ ነው።

ጽሑፉን ሌላ፣ ሥዕሉን ሌላ የሚገመግመው አካል ሌላው ራስ ምታታችን ነው። ራሳችን የምንጽፈውና ራሳችን የምንሥለው ሁለቱ ሥራ እንዲካፈሉ ነው። ሥዕሉ ላይ ውሻው ጫማውን ይዞ ሲሸሽ ይታያል፤ ጽሑፉ «ጫማዬስ?» ብቻ ይላል። የቋንቋ አርታዒው ሥዕሉን ሳያይ «ግልጽ አይደለም» ብሎ «ውሻው ጫማውን ሰርቆ ሮጠ» ይጨምራል። ልጁ የሚያገኘው ነገር ተወሰደበት። ጽሑፉም ሥዕሉም አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ይናገራሉ። አርታዒው ያለ ሥዕሉ አንድም ቃል እንዳይጨምር እንጠይቃለን፤ መቀነስ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ትክክል ስለሆነ አንከራከርም።

እርማትን በተመለከተ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እርሳስ «ወደ ኋላ መልስ» የሚል ቁልፍ የለውም። የተደራረበ 4ቢና 6ቢ በላጲስ ሲጠፋ ጥላው ይቀራል፤ የወረቀቱ ሻካራ ገጽም ይላጫል፤ በላዩ የሚሣለው እንደ ሻማ ላይ ይንሸራተታል። «ልጅቷን ከግራ ወደ ቀኝ አሻግሯት» የሚል አስተያየት በመጨረሻው ሥዕል ላይ ሲመጣ ትርጉሙ «ከ12 እስከ 20 ሰዓት እንደገና ሥሩ» ነው። መመሪያው «እርማት ያለ ገደብ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ» ይላል። ባለፈው ዙር አንድ ሽፋን አምስት ጊዜ ተሠርቷል፤ አምስተኛው ጊዜ የተመረጠው የመጀመሪያው ነው። በንድፍ ደረጃ የፈለጋችሁትን ያህል መልሱ፤ እኛም እንወዳለን። ሙሉው ንድፍ ላይ ፊርማ ካረፈ በኋላ ግን የሚመጣ ለውጥ አዲስ ሥራ ነው።

ዋናው ወረቀት መዝገብ ቤት መቅረቱ ደግሞ ከገንዘብ በላይ ያመናል። አቀባበሉን ያየ ሰው ይረዳናል። ሥዕሉ እንደ ማንኛውም ገቢ ደብዳቤ ይቆጠራል፤ ቀኝ ጥጉ ላይ ክብ ሐምራዊ ማኅተም ያርፍበታል፣ ቁጥርና ቀን ይጻፍበታል፣ በግራ ጠርዙ ሁለት ቀዳዳ ይበሳበታል፣ ፎልደር ውስጥ ይታሰራል። በአንዱ ሥራ ማኅተሙ ያረፈው ጨረቃዋ ላይ ነበር። ማጽኛ ፈሳሽ ያልተረጨበት የእርሳስ ሥዕል ፊት ለፊት ተደራርቦ ሲታሰር የአንዱ ጥቁር በሌላው ነጭ ላይ ይታተማል። በላስቲክ ተጠቅልሎ የቆመ ወረቀት በክረምት እርጥበት ይኮማተርና ስካነር ላይ አይተኛም። በሣጥን ውስጥ፣ በየመካከሉ ስስ ንጹሕ ወረቀት ተደርጎ፣ ጠፍጣፋ መተኛት አለበት። ያም ሆነ ይህ የማባዛት ፈቃድ መስጠት ወረቀቱን መስጠት አይደለም። ፋይሉ ለእናንተ ይበቃል። ወረቀቱ ለእኛ የቀድሞ ሥራችን ማሳያ፣ ለዐውደ ርእይ የምናቀርበው፣ አንዳንዴም የምንሸጠው ነው።

ስለ ስምና መብት ብዙ አንልም፤ ሕጉ ተጽፏል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ የኢኮኖሚ መብቱ ለሌላ ቢተላለፍም ስሙ እንዲጠቀስና ሥራው ክብሩን በሚነካ መልኩ እንዳይለወጥ የመጠየቅ የሞራል መብት እንዳለው ይናገራል። «ሥዕል፦ በግራፊክስ ክፍል» ተብሎ የወጣው መጽሐፍ ይህን አላከበረም። ሁለተኛው እትም ላይ ሳይጠየቁ በኮምፒውተር ቀለም የተቀቡት የእርሳስ ሥዕሎችም እንዲሁ። በትእዛዝ በተሠራ ሥራ ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ የኢኮኖሚ መብቱ ወደ አዛዡ እንደሚያጋድል እናውቃለን። ለዚህ ነው «ሌላ ስምምነት» በውሉ እንዲጻፍ የምንወተውተው፤ ስለ ድጋሚ ኅትመት፣ ስለ ትርጉም፣ ስለ ፖስተርና ስለ ኮምፒውተር አጠቃቀም ለየብቻ። ሥዕሎቻችን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ውስጥ ገብተው «በተመሳሳይ የእርሳስ ስልት» አዲስ ገጽ እንዲወጣባቸው መደረጉንም ሰምተን ሳይሆን አይተን ነው የምንናገረው። የወጣው ጀበና እጀታና አፉ በአንድ ጎን ነው፤ ሲቀዳበት ቡናው እጅ ላይ ነው የሚፈሰው።

ቁሳቁስ «አይታሰብም» ተብሏል። ለአንድ ባለ 32 ገጽ መጽሐፍ ከ20 እስከ 25 ሉህ ባለ 200 ግራም ኤ3፣ ስድስት ሰባት የተለያየ ደረጃ ያለው እርሳስ፣ የሚቦካ ላጲስና አንድ ቆርቆሮ መርጫ ያልቃል። ሁሉም ከውጭ የሚገባ ነው። ከገበያ የሚገኘው ርካሹ እርሳስ 6ቢ ተብሎ ተጽፎበት እንደ ኤችቢ የሚሣል፣ መካከሉ አሸዋ ያለው የሚመስል፣ ወረቀት የሚቧጭር ነው። በመውደቅ ውስጡ የተሰባበረውን ደግሞ ስትቀርጹት ጫፉ እየወጣ እስከ ጭራው ያልቃል። ደህናውን የምንገዛው ለቅንጦት አይደለም።

እኛም ንጹሕ ነን አንልም። ከመካከላችን በ80 ግራም የፎቶ ኮፒ ወረቀት ሠርቶ የሚያስረክብ አለ፤ ሳይረጭ አምጥቶ «አበላሹብኝ» የሚል አለ። ዋናውን ፊት ልክ መጽሐፉ የሚታጠፍበት መሐል ላይ አድርጎ አፍንጫውን ስፌት ውስጥ የሚያስገባ፣ ከጠርዝ የሚቆረጠውን 3 ሚሊሜትር ሳያስብ እግር የሚያስቆርጥ፣ ከመጨረሻው መጠን አሳንሶ ሠርቶ «አጉሉት» የሚል አለ። ሲጎላ ጭረቱ ገመድ ይሆናል፤ ከ125 እስከ 150 በመቶ አግዝፎ ሠርቶ ማሳነስ ነው ደንቡ። ይህን የሚያሟላና የማያሟላ ሥራ የሚለይ የአቀባበል ዝርዝር አውጡ፤ የማያሟላውን መልሱ። የምንቃወመው የሁሉም መልስ «ረቂቅ ነው» መሆኑን ነው።

የጨረታውንም ነገር በአጭሩ። ጽሑፉ በአንድ፣ ሥዕሉ በሌላ ሎት (የጨረታ ምድብ)፣ ንግድ ፈቃድና የጨረታ ማስከበሪያ ላለው፣ በዝቅተኛ ዋጋ ይሰጣል። ግለሰብ ሠዓሊ ስለማይገባበት አሸናፊው ድርጅት ሥራውን በሦስተኛ እጅ ለእኛው ይሰጠናል፤ ዋጋው መንገድ ላይ ይቀንሳል፤ ጥያቄ ሲኖር ከእናንተ ጋር መነጋገር አይፈቀድልንም። ከላይ የዘረዘርነው ብዙው ጥፋት የተፈጠረው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

መመሪያው ውስጥ ያለው «በእርሳስ የተሠራ ሥዕል እንደ ረቂቅ ይቆጠራል» የሚለው አንቀጽ ይሠረዝ፤ በእርሳስ የተጠናቀቀ ሥዕል በቀለም ወይም በኮምፒውተር ከተጠናቀቀው እኩል ይከፈልበት። በዚህ መመሪያ መሠረት በግማሽ የተከፈለባቸው ሥራዎች ልዩነቱ ይታሰብላቸው።

ሥራው በሦስት ደረጃ ይጽደቅ፤ ጥቃቅን ንድፍ፣ ሙሉ ንድፍ፣ የመጨረሻ ሥዕል። ክፍያውም በእነዚሁ ይከፋፈል። ከሁለተኛው ፊርማ በኋላ የሚጠየቅ ለውጥ በገጽ ዋጋ ይከፈልበት። አርታዒው፣ ዲዛይነሩና አዘጋጁ በመጀመሪያው ደረጃ ቢያንስ አንድ ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። መጽሐፉ የሚወጣባቸው ቋንቋዎችና የሚታተምበት ወረቀት ያን ቀን ይነገር።

ለስካን አንድ ኤ3 ጠፍጣፋ ስካነርና አንድ ኃላፊነት ያለበት ሰው ይመደብ፤ ከላይ የጻፍነው አሠራር ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። ከኅትመት በፊት በትክክለኛው ወረቀት የወጣ የሙከራ ገጽ አዘጋጁ አይቶ ይፈርምበት። ሥዕል ያለ አዘጋጁ ፈቃድ አይገልበጥ፣ ቀለም አይቀባ፣ አይቆረጥ።

ዋናው ወረቀት ስካን ከተደረገ በ30 ቀን ውስጥ ይመለስ። በመዝገብ ቤት ያሉትም ይመለሱ፤ የተበሱትም፣ ማኅተም ያረፈባቸውም። ገቢ መመዝገብ ካለበት ቁጥሩ በፖስታው ላይ ይጻፍ።

ስም በሽፋንና በርዕስ ገጽ ላይ «ጽሑፍና ሥዕል» ተብሎ ይቀመጥ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ውስጥ የገቡት ሥዕሎች የትኞቹ እንደሆኑ በጽሑፍ ይገለጽልን።

አዲሱ የግዥ ዙር ከመውጣቱ በፊት መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለውይይት ብትጠሩን የታተሙትን መጻሕፍትና ዋናዎቹን ሥዕሎች ጎን ለጎን ይዘን እንመጣለን፤ በእጃችን የቀሩትን ማለታችን ነው።

ከሠላምታ ጋር

በእርሳስ የሚሠሩ የልጆች መጻሕፍት ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች

ግልባጭ፦
ለማተሚያ ቤቶች የቅድመ ኅትመት ክፍሎች
ለቋንቋ አርታዒያንና ለተርጓሚዎች
ለመዝገብ ቤት (ከማኅተሙ በፊት እንዲነበብ)